ባለ ሸራ ሳንቃ በብርቱ ነፋስ ጊዜ እንዴት እንደሚገራ

ዕቃውን በባሕር የሚያመላልስ ነጋዴ ሁሉ የነፋስን ጠባይ ጠንቅቆ ያውቃል። ነፋሱ ሲለዝብ ሸቀጡ ይዘገያል፤ ነፋሱ ሲበረታ ደግሞ ሸቀጡ ብቻ ሳይሆን ሰውም ጭምር ከአደጋ ላይ ይወድቃል። በቀይ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ በሳንቡክ ሲመላለሱ የኖሩ መርከበኞች ለዚህ ያበጁት ዘዴ፥ ለለዘብተኛው ነፋስ ትልቁን ሸራ መስቀል፥ ለብርቱው ነፋስ ደግሞ ትልቁን አውርዶ በትንሹ መተካት ነበር። ነፋሱን መቀነስ ስለማይቻል ሸራውን ቀነሱ ማለት ነው።

ነገር ግን ሸራውን መለወጥ የማይቻል ሲሆን ምን ይደረጋል? ይህ ጥያቄ ዊንድሰርፈር ተብሎ በሚጠራው ባለ ሸራ ሳንቃ ላይ በተለይ ጐልቶ ይታያል። ዊንድሰርፈር አንድ ሰው ብቻውን ቆሞ የሚነዳው ረዥም የባሕር ሳንቃ ሲሆን፥ በላዩ አንድ ምሰሶና አንድ ሸራ ተተክሎበታል። መሪ የለውም፤ መቀመጫም የለውም። መሪውም ሚዛኑም የሰውዬው አካል ራሱ ነው። ስለዚህ ነፋሱ በበረታ ጊዜ አስቀድሞ ያልተሰናዳ ሰው የሚታገለው ከነፋሱ ጋራ ብቻ ሳይሆን ከገዛ ዕቃው ጋራም ይሆናል።

የሳንቃው ታሪክ ረዥም አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።) ኒውማን ዳርቢ የተባለው የፔንሲልቬኒያ ሰው በ1964 ዓ.ም. ነጂው በእጁ የሚይዘውን ሸራ በሳንቃ ላይ አቁሞ ሞከረ፤ በ1965 ዓ.ም. ነሐሴ ወርም አሠራሩ በአንድ የአሜሪካ የሳይንስ መጽሔት ታተመ። ከዚህ በኋላ በ1967 ዓ.ም. ጂም ድሬክ የተባለው የአውሮፕላን መሐንዲስና ሆይል ሽዋይትሰር የተባለው ባልንጀራው በካሊፎርኒያ አንድ አዲስ ነገር ሠርተው በባሕር ላይ ፈተኑ። አዲሱ ነገር በምሰሶው ግርጌና በሳንቃው መካከል የሚገባ፥ ወደ ሁሉም አቅጣጫ የሚዞርና የሚታጠፍ መገጣጠሚያ ነበር። ሁለቱ ሰዎች በ1968 ዓ.ም. የፈጠራ መብት ለመቀበል አመልክተው፥ መብቱ በ1970 ዓ.ም. ተሰጣቸው።

ይህች ትንሽ መገጣጠሚያ የመርከብን ሥራ ከሥሩ ለወጠችው። በተራ ጀልባ ላይ ምሰሶው ተቸንክሮ የቆመ ስለ ሆነ፥ ነፋሱ ሲያይል ጀልባው ከነምሰሶው ያዘነብላል፤ ሲብስም ይገለበጣል። በዊንድሰርፈር ላይ ግን ምሰሶውን የሚያቆመው የሰው ክንድ ብቻ ነው። ነጂው ሸራውን ወደ ፊት ቢያዘነብለው ሳንቃው ከነፋሱ ይሸሻል፤ ወደ ኋላ ቢያዘነብለው ወደ ነፋሱ ይዞራል፤ ጨርሶ ቢለቀው ደግሞ ሸራው በውኃው ላይ ይተኛና ጕልበቱ ሁሉ ባንድ ጊዜ ይጠፋል። እንግዲህ የዚህ ዕቃ የደኅንነቱ ሥር መልቀቅ የሚቻል መሆኑ ነው። ብርቱውን ነፋስ መግራት የሚባለውም ይህንኑ መልቀቅ በልክና በሥርዓት ማድረግ እንጂ ሌላ አይደለም።

ነገሩን ለማስረዳት ሚስትራል ዋን ዲዛይን ከተባለው ሳንቃ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ይህ ሳንቃ በ1996፥ በ2000 እና በ2004 ዓ.ም. በተደረጉት የኦሊምፒክ ጨዋታዎች የወንዶችም የሴቶችም መወዳደሪያ ነበር። ርዝመቱ 3 ሜትር ከ72 ሳንቲ ሜትር፥ ወርዱ 63 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል፥ ሸራውም 7.4 ካሬ ሜትር ነው። በ1996 ዓ.ም. የሆንግ ኮንግ ተወላጅ የሆነችው ሊ ላይ ሻን በዚሁ ሳንቃ ለሀገሯ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ አመጣች፤ በዚያው ዓመት የወንዶቹን ወርቅ የወሰደው ግሪካዊው ኒኮላዎስ ካክላማናኪስ ነበር፤ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ጋል ፍሪድማን ለእስራኤል የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘው በዚሁ ሳንቃ ላይ ቆሞ ነው።

የውድድሩ ደንብ ለሁሉም አንድ ዓይነት ሳንቃና አንድ ዓይነት ሸራ የሚያዝዝ ስለ ነበረ፥ ተወዳዳሪው ነፋሱ በርትቷል ብሎ ትንሽ ሸራ ማውጣት አይችልም ነበር። ጠዋት ውኃውን እምብዛም በማያንቀሳቅስ ነፋስ የተነዳው ያው 7.4 ካሬ ሜትር ሸራ፥ ከቀትር በኋላ ባሕሩ በነጭ አረፋ በተሸፈነ ጊዜም ይነዳል። ለሳንቡኩ ባለቤት የተፈቀደው ዘዴ ለእነዚህ ተከለከለ ማለት ነው። የቀራቸው ገመዶቹን፥ የምሰሶውን ቦታ፥ በውኃ ውስጥ ያሉትን ክንፎችና የገዛ አካላቸውን እንደ ነፋሱ ሁኔታ ማስተካከል ብቻ ነበር።

የነፋስን ጕልበት በቍጥር ማየት የችግሩን ክብደት ያስረዳል። በባሕር ላይ የነፋስ ፍጥነት የሚለካው ኖት በሚባል መለኪያ ሲሆን፥ አንዱ ኖት በሰዓት 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። ነፋሱ ከ10 ኖት ወደ 20 ኖት ሲወጣ፥ ማለት በሰዓት ከ18 ኪሎ ሜትር ተኩል ወደ 37 ኪሎ ሜትር ሲያድግ፥ ፍጥነቱ በእጥፍ ቢጨምርም ሸራውን የሚገፋው ኃይል ግን አራት እጥፍ ይሆናል። 30 ኖት ሲደርስ ዘጠኝ እጥፍ ነው። የሰው ክንድ ግን ያው ክንድ ነው። ከዚህ የተነሣ በጕልበቱ ብቻ ተማምኖ የሚወጣ ሰው ድል እንደሚሆን ሒሳቡ ራሱ ይመሰክራል።

የመጀመሪያው ሥራ የሚሠራው ገና በየብስ ሳሉ ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፥ በማዕበል መካከል ገመድ ማሰር ለብልሃተኛውም አስቸጋሪ ነው። ከገመዶቹም ሁሉ የሚቀድመው የሸራውን ግርጌ በምሰሶው ሥር ወደ ታች የሚስበው ገመድ ነው። ይህ ገመድ በትናንሽ መዘውሮች ውስጥ የሚያልፍ ስለ ሆነ በብዙ ኃይል ሊጠብቅ ይችላል፤ በብርቱ ነፋስ ጊዜም በብዙ ኃይል ሊጠብቅ ይገባዋል።

አዲስ ተማሪ በዚህ ላይ ይሳሳታል። ነፋሱ ሲበረታ ሸራው እንዲላላ ገመዱ መላላት ያለበት ይመስለዋል። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። የታችኛው ገመድ ሲጠብቅ የምሰሶው ጫፍ ወደ ኋላ ይጐብጣል፤ ጫፉ በጐበጠ ጊዜም የሸራው የላይኛው የኋላ ጠርዝ ይረግባል። በዚህ ጊዜ ድንገተኛ የነፋስ ምት ቢመጣ፥ የሸራው አናት እንደ በር ገርበብ ብሎ የተረፈውን ነፋስ ያሳልፈዋል። የሚገፋውም ኃይል ወደ ታች፥ ለነጂው እጅ ወደሚቀርበው ስፍራ ይወርዳል። ገመዱ ላልቶ እንደ ሆነ ግን አናቱ ተዘግቶ ይቆያል፤ ነፋሱ ከፍ ካለው ስፍራ ይይዝና ሰውዬውን በረዥም ማንሻ እንደሚነሣ ድንጋይ ከሳንቃው ላይ ነቅሎ ይጥለዋል። እንግዲህ ገመዱ ሲጠብቅ ሸራው ይላላል፤ ገመዱ ሲላላ ግን ሸራው እልኸኛ ይሆናል።

ሁለተኛው ገመድ የሸራውን የኋላ ማዕዘን ወደ አግዳሚው ጫፍ የሚወጥረው ነው። አግዳሚው ነጂው በሁለት እጁ የሚጨብጠው፥ ሸራውን ከግራና ከቀኝ ያቀፈው መያዣ ነው። ይህ ገመድ በለዘብተኛ ነፋስ ላላ ይደረጋል፤ ሸራው እንደ ጐድጓዳ ሳሕን ሆኖ ጥቂቱን ነፋስ እንዲሰበስብ ነው። በብርቱ ነፋስ ግን ተወጥሮ ሸራው ጠፍጣፋ መሆን አለበት። ጐድጓዳ ሸራ በነፋስ ምት ጊዜ የግፊቱን መካከል ወደ ኋላ ስለሚያሸሸው፥ የኋለኛው እጅ ከሚችለው በላይ ይሸከምና ይዝላል። ጠፍጣፋው ሸራ ግን ግፊቱን ባንድ ስፍራ ያጸናል፤ ነጂውም የሚመጣበትን አስቀድሞ ያውቃል።

ሁለቱን ገመዶች በምን ያህል ማጥበቅ እንደሚገባ የሚያስታውቅ ምልክት አለ። ሸራው በየብስ ተጋድሞ ሳለ የላይኛው የኋላ ጠርዝ በእጅ ሲነካ የሚርገበገብ ከሆነ፥ የታችኛው ገመድ ለብርቱ ነፋስ ደርሷል። እንደ ከበሮ ቆዳ ተወጥሮ ከቆየ ግን ገና ይቀረዋል። እንዲሁም ሸራው በነፋስ ሲሞላ አግዳሚውን የሚደገፍ ከሆነ የኋላው ገመድ እንዲጨመርበት ያስፈልጋል።

የአግዳሚው ከፍታም ቸል የሚባል አይደለም። በተለምዶ በደረትና በትከሻ መካከል ይታሰራል። ከፍ ያለ አግዳሚ ሳንቃውን ከውኃው ያቀለዋል፤ ይህም በመጠነኛ ነፋስ ለፍጥነት ይረዳል። ነፋሱ ከመጠን ሲያልፍ ግን ጥቂት ዝቅ ማድረግ የሳንቃውን አፍንጫ ያረጋጋዋል፤ የሰውዬውም ክብደት ወደ ውኃው ይቀርባል።

በአግዳሚው ላይ ደግሞ በግራና በቀኝ አንዳንድ የገመድ ቀለበት ይንጠለጠላል። ነጂው በወገቡ የታጠቀውን መንጠቆ በዚህ ቀለበት ያስገባና ሸራውን በክንዱ ሳይሆን በገላው ክብደት ይሸከመዋል። በብርቱ ነፋስ የግፊቱ መካከል ትንሽ ወደ ኋላ ስለሚሄድ፥ ቀለበቶቹም ጥቂት ወደ ኋላ መሳብ አለባቸው። መለኪያው ቀላል ነው፤ የኋለኛው እጅ ከደከመ ቀለበቱ ወደ ኋላ፥ የፊተኛው እጅ ከደከመ ወደ ፊት ይሳባል። ሁለቱም እጆች እኩል ሲያርፉ ሚዛኑ ተገኘ ማለት ነው።

ከሸራው ወደ ሳንቃው ስንወርድ፥ በውኃ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ክንፎች ይገኛሉ። አንደኛው በጭራው ሥር ያለው ትንሹ ክንፍ ነው፤ ሁለተኛው በሳንቃው መካከል ወደ ታች የሚወርደው ትልቁ ክንፍ ነው። የመካከሉ ክንፍ ጥቅሙ ሳንቃው ነፋሱን በሰያፍ ተቀብሎ ወደ ፊት ሲሄድ ወደ ጐን እንዳይንሸራተት ነው። በለዘብተኛ ነፋስ ያለ እርሱ ወደ ነፋሱ አቅጣጫ መውጣት አይቻልም። ነገር ግን ፍጥነቱ ሲጨምር ይኸው ክንፍ በውኃው ውስጥ እንደ አውሮፕላን ክንፍ ማንሣት ይጀምራል። ሳንቃውን ባንድ ጐኑ ያቆመዋል፤ ነጂው ቶሎ ካላወቀበትም ይገለብጠዋል።

ስለዚህ በብርቱ ነፋስ ወደ ነፋሱ ሲወጣ ክንፉ በከፊል ይሰበሰባል፤ ነፋሱን በጐን ወይም በጀርባ ተቀብሎ ሲወርድ ደግሞ ፈጽሞ ይሰበሰባል። በሚስትራሉ ላይ ይህን የሚሠራው እግር ነው፤ ነጂው ክንፉን በእግሩ ገፍቶ በሳንቃው ሆድ ውስጥ ያስተኛዋል። በመጀመሪያዎቹ ዊንድሰርፈሮች ላይ ግን እንዲህ ያለ ምቾት አልነበረም። ነጂው ጐንበስ ብሎ ክንፉን በእጁ ነቅሎ ያወጣና በማንጠልጠያው በክንዱ ላይ አንጠልጥሎት ይሄድ ነበር። አንድ እጅ ለሸራ፥ አንድ ክንድ ለክንፍ ሆኖ በማዕበል ላይ መቆም ምን ያህል ጭንቅ እንደ ነበረ መገመት አያዳግትም።

የጭራውን ክንፍ በሚመለከት፥ ደንብ በማይከለክልበት ጊዜ ለብርቱ ነፋስ ትንሹን መምረጥ ይገባል። ትልቅ ክንፍ በከፍተኛ ፍጥነት ጭራውን ወደ ላይ ስለሚያነሣው፥ የኋለኛው እግር የሚረግጠው ያጣል።

የምሰሶው ግርጌ በረዥሙ ሳንቃ ላይ በሐዲድ ውስጥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ነፋሱን በሰያፍ ተቀብሎ ሲወጣ ግርጌው ወደ ፊት ይሄዳል፤ የሳንቃው አፍንጫ ተጭኖ ውኃውን እንዲሰነጥቅና በነፋስ ተነሥቶ እንዳይበር ነው። ከነፋሱ ጋራ ሲወርድ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ አፍንጫው ቀልሎ በፊቱ ባለው ማዕበል ጀርባ ውስጥ እንዳይቀበር ነው። ነፋሱ እጅግ በርትቶ ሳንቃው በውኃው ላይ መዝለል ከጀመረ ግን፥ ጥቂት ወደ ፊት መመለሱ ፍጥነቱን ቢቀንስም ሳንቃውን ያረጋዋል። ብርቱው ነጂ በዚህ ጊዜ ፍጥነት ከፍሎ መረጋጋት ይገዛል። ወድቆ ከሚነሣው ይልቅ ዝግ ብሎ ሳይወድቅ የሚሄደው አስቀድሞ እንደሚደርስ በውድድር ስፍራ ዘወትር የሚታይ ነው።

ከዕቃው ሁሉ በኋላ የሰውዬው አካል ይመጣል። ክንዶች ቀጥ ብለው፥ ጕልበቶች ተለምጠው፥ ወገብ ወደ ውኃው ዝቅ ብሎ፥ እግሮችም በሳንቃው ላይ በተሠፉት ጠፍሮች ውስጥ ገብተው መቆም ይገባል። ክንዱን አጥፎ ሸራውን ወደ ደረቱ የሚያስጠጋ ሰው ቶሎ ይደክማል፤ በነፋስ ምትም ወደ ፊት ይወረወራል። ምቱ ሲመጣ የኋለኛውን እጅ ጥቂት መልቀቅ፥ ሲያልፍም መልሶ መሳብ ነው። ከሁሉም የሚከብደው ነፋሱን በጀርባ ተቀብሎ መውረድ ነው፤ በዚህ ጊዜ ወደ ጭራው ተጠግቶ፥ ዝቅ ብሎ መሄድ እንጂ ቀጥ ብሎ መቆም አይረዳም።

እነዚህን ሁሉ ባንድ ጊዜ መለወጥ ግን አይገባም። አንዱን ነገር ለውጦ፥ ጥቂት ሄዶ፥ ውጤቱን አይቶ፥ ከዚያ ሁለተኛውን መለወጥ የሊቃውንቱ ልማድ ነው። በመዝገብም ላይ የነፋሱን ፍጥነት፥ የገመዱን ልክ፥ የግርጌውን ቦታ ማስፈር ይበጃል። ነጋዴ ሒሳቡን፥ ሹም ጕዳዩን ሳይጽፍ እንደማያድር፥ የባሕር ሰውም ዛሬ ያገኘውን ልክ ካልጻፈው ነገ እንደ አዲስ ይፈልገዋል።

ይህ ሁሉ ትጋት ለወርቅና ለሽልማት ብቻ አይደለም። በግብፅ የቀይ ባሕር ዳርቻ በዳሃብ፥ በሑርጋዳና በሳፋጋ ብዙ ሰዎች ለደስታ ብለው በባለ ሸራ ሳንቃ ይወጣሉ። በዚያ በኩል ነፋሱ በዓመቱ አብዛኛው ወራት ከሰሜን ምዕራብ ይነፍሳል። በባሕሩ ደቡባዊ ክፍል ደግሞ ከጥቅምት ገደማ እስከ ሚያዝያ ከደቡብ ምሥራቅ፥ በሰኔና በመስከረም መካከል ግን ከሰሜን ምዕራብ ይመጣል። የነፋሱን አቅጣጫ ሳይጠይቅ የወጣ ሰው ከየብስ ወደ ባሕር የሚነፍስ ነፋስ ቢያጋጥመው፥ ሲሄድ የቀለለው መንገድ ሲመለስ ይከብደዋል። ክንዱ የዛለና ሸራው ያልተገራ ሰው ከዳርቻው በአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ቢገኝ፥ ያች አንድ ኪሎ ሜትር ከሕይወት ጋራ የተያያዘች ትሆናለች።

እንዲህ ያለ ነገር በደረሰ ጊዜ አንድ ጽኑ ደንብ አለ፤ ሳንቃውን መተው አይገባም። በዋና ወደ የብስ እደርሳለሁ ብሎ ሳንቃውን የለቀቀ ሰው ተንሳፋፊ መጠጊያውን ያጣል፤ ከሩቅ ለሚፈልጉትም በማዕበል መካከል የሰው ራስ ብቻ አይታያቸውም። በሳንቃው ላይ ከቆየ ግን፥ በውኃው ላይ የተኛው ሸራ እንደ መልሕቅ እየጐተተ ጕዞውን ያዘገየዋል፤ ነጂውም ዐርፎ ኃይሉ ሲመለስለት እንደገና ሊነሣ፥ ወይም ሸራውን ጠቅልሎ ተኝቶ በእጁ ሊቀዝፍ፥ ወይም እርዳታ እስኪመጣ ሊጠብቅ ይችላል።

በ2008 ዓ.ም. የኦሊምፒኩ ሳንቃ ተለውጦ አጭርና ሰፊ የሆነው ተተካ፤ በ2024 ዓ.ም. በተደረገው ጨዋታ ደግሞ ከውኃው በላይ ተነሥቶ በክንፍ የሚበረው ዓይነት ገባ። ሆኖም ረዥሙ ሳንቃ አልሞተም። ጥንታዊው ዊንድሰርፈር በአዲስ መልክ ተሠርቶ፥ ርዝመቱ 3 ሜትር ከ66 ሳንቲ ሜትር፥ ሸራውም 5.7 ካሬ ሜትር ሆኖ እንደገና ይወዳደሩበታል፤ ወጣቱም ሽማግሌውም ባንድነት ይሰለፉበታል። በእርሱም ላይ ቢሆን የብርቱ ነፋስ ሕግ ያው ነው።

ሕጉም በአጭሩ ሲነገር ይህ ነው፤ ነፋስን የሚያሸንፍ ሰው የለም፤ የሚበቃውን ወስዶ የተረፈውን በሸራው አናት የሚያሳልፍ ሰው ግን አለ። የሚያልፈውም እንዲያልፍ አስቀድሞ በየብስ ሳሉ መታሰር ያለበትን አጥብቆ ማሰር ያስፈልጋል። ይህን ያላደረገ ሰው ነፋሱ እስኪበርድ ድረስ በዳርቻው ቢቀመጥ አያፍርበትም።